ጎረቤትዎ ምን አሉ?

ሲስተር ለተብርሃን የተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ነበሩ። ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ «የሆስፒታላችን የምርምር ሥራ ምሰሶ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆራረጠ። አጠገቤ የቆመችው ነርስ ምሕረት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ምሰሶውን ነቅለው ክትባት ክፍል ያቆሙት እኚሁ ሰውዬ መሆናቸውን ሁለታችንም እናውቃለን።

እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጣ። ለቀስተኛ መሀል መሳቅ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ሲስተር ቢሰሙ ኖሮ ቀድመውኝ ይስቁ ነበር። ከሳቁም በኋላ የዳይሬክተሩን ወረቀት ተቀብለው «በሉ አሁን ያነበቡትን በራስዎ አፍ ይንገሩኝ» ይሏቸው ነበር። በአላህ እምላለሁ፣ ዳይሬክተሩ ግማሹን አይደግሙትም።

እኔ ወሎዬ ነኝ። ለትምህርት መቀሌ መጣሁ፣ ፋርማሲ ተማርኩ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወጣሁ፣ ሲያልፍ ተመለስኩ። «ምን ቀረብህና ተመለስክ?» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ሥራ ያገኘሁት ሓድነት በሚባለው የመቀሌ ክፍል ባለች ትንሽ የሰፈር ሆስፒታል ነው። የሚከራይ ቤት ሳፈላልግ ሲስተር ለተብርሃን ሰምተው ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ሰጡኝ። ሰይድ የሚባል ስም እንዳለኝ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ጠርተውት ግን አያውቁም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ወዲ ወሎ» ነበርኩ፣ የወሎ ልጅ ማለታቸው ነው።

የተቀጠርኩት ለአንድ የደም ግፊት መድኃኒት ጥናት መዝጋቢ ሆኜ ነው። እንዲህ ያለ ሙከራ እስከዚያ ድረስ ከትልልቅ ሆስፒታሎች አጥር ወጥቶ አያውቅም ነበር። አዲስ መድኃኒት የሚሞከረው ትልቁ ሆስፒታል ድረስ መሄድ በቻለ ሰው ላይ ነው፤ የሓድነት አዛውንት ደግሞ ሚኒባስ ላይ ለመውጣት እንኳ ደጋፊ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያሉት የጥናቱ አለቆች አንድ ጊዜ የሰፈር ሆስፒታል እንሞክር አሉና ዕጣው ለእኛ ደረሰ። ለስድስት ወር ያዩናል። ካማርንባቸው ታማሚዎቻችን ሁለት ዓመት ሙሉ ክኒን ሳይቋረጥባቸው ይታከማሉ፤ ካላማርንባቸው ጥናቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይመለሳል። ስለዚህ ሙከራ ላይ የነበረው ክኒኑ ብቻ አልነበረም፤ እኛም ነበርን። የሰፈር ሆስፒታል ጥናት አይችልም የሚሉት ሰዎች ደግሞ ተሳስተናል ለማለት ብዙም የቸኮሉ አይመስሉም ነበር።

ሲስተር ለተብርሃን የጥናቱ ነርስ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በቀዶ ጥገና ክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ መፈረም ለማይችል ሰው የምትሆን ክብ የቆርቆሮ የአሻራ ቀለም ነበረች። ታዲያ አንድ ታማሚ ሳይገባው ሊፈርም እጁን ሲዘረጋ፣ ሲስተር የቀለሟን ክዳን ቀጭ አድርገው ይከድኑና ክርናቸውን እላዩ ላይ ያሳርፋሉ። ያ ክርን ካረፈ በኋላ የጤና ሚኒስትር ቢመጣ አይነሳም።

መጀመሪያ ክርናቸው ያረፈባቸው ሰው ኣቦይ ሓጎስ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ አዛውንት። ሲስተር አሥራ አራቱን ገጽ የስምምነት ቅጽ በትግርኛ አስረዷቸው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ ልመልሰው። ግማሹ ታማሚ አዲሱን ክኒን ይወስዳል፣ ግማሹ ድሮ የሚታወቀውን። ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው፤ የማን ብልቃጥ ውስጥ የትኛው እንዳለ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም። የፈለገ በማንኛውም ጊዜ ያቋርጣል፣ ሕክምናውም አይቀርበትም። ኣቦይ ሓጎስ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ቆዩና አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ቀጭ!

«ኣቦይ ሓጎስ፣ እንታይ ኢለኩም?» ምን አልኩዎት ማለታቸው ነው።

«መድኃኒት ልትሰጡኝ ነው።»

«ሌላስ?»

«እግዚአብሔር ይስጣችሁ።»

«እሱ ቅጹ ላይ የለም። ቤትዎ ይሂዱና ለጎረቤትዎ ይንገሩ። ጎረቤትዎ የጠየቀዎትን ጥያቄ ይዘው ይምጡ። ካልጠየቀ አልነገሩትም ማለት ነው።»

ኣቦይ ሓጎስ ተቆጡ። ሀገር ምድሩን የነዳሁ ሰው እንደ ተማሪ ልጅ የቤት ሥራ ይሰጠኝ? እያሉ ወጡ። እኔም በልቤ ደግፌያቸው ነበር። ከሰዓት ሻይ ስንጠጣ ሲስተርን ለምን ጎረቤት እንደሆነ፣ ለምን ለልጆቻቸው ወይም ለሚስታቸው ንገሩ እንደማይሏቸው ጠየቅኋቸው።

«ቤተሰብ ይወድሃል፣ ስለዚህ እሺ ይልሃል» አሉኝ። «ጎረቤት ግን ይጠረጥራል። ሓቂ የምትወጣ ከተጠራጣሪ ነው፣ ወዲ ወሎ።»

ኣቦይ ሓጎስ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ጎረቤታቸው ብረት በያጅ ነው፤ የላከው ጥያቄ «አዲሱ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ለሁላችሁም አይሰጧችሁም?» የሚል ነበር። ሲስተር ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጨበጧቸው። ይኸውላችሁ፣ አሉ፣ ጥናቱ የሚሠራው ጥሩ መሆኑ ገና ስላልታወቀ ነው፤ አሥራ አራቱን ገጽ አንድ በያጅ በአንድ ጥያቄ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ጎረፈልን። የመድኃኒቱ ባለቤቶች ለምን ራሳቸው አይውጡትም ያለ አለ። ጎረቤቴን መንገድ ላይ ቢያዞራት ለማን እንደውል ያለችም ነበረች፤ ለእሷ ሲስተር የራሳቸውን ስልክ በእስክሪብቶ ጻፉላት፣ ቀጥሎም ለሁሉም ጻፉ። እኔ ጥያቄዎቹን በአንድ ደብተር እመዘግብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ደስ ስለሚሉኝ ነው።

ችግሩ ታማሚ እንደ ልብ አይመዘገብም። ከአዲስ አበባ በየወሩ የሚመጣ ሱፐርቫይዘር ነበረን፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ላፕቶፑን ግን ከሰው ፊት አብልጦ ያያል። መስመሩ እንደተኛ ቀረ ብሎ የእኛን ምዝገባ በግራፍ አሳየን። ሌሎቹ ሆስፒታሎች ሽቅብ፣ እኛ እንደ ሜዳ።

«ሲስተር፣ አንድ ሰው አስረድቶ ለማስፈረም ሃያ ደቂቃ ይበቃል» አለ።

«ሃያ ደቂቃ? እስኪ ለኔ አስረዳኝ፣ ወደይ፣ ልጄ።»

ልጁ እየሳቀ ጀመረ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበትም፣ ጎበዝ ነው። ሲጨርስ ሲስተር የቀለሟን ክዳን ከደኑ።

«በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እችላለሁ የምትለዋን ረሳሃት። እኔ አሁን ታሰርኩ።»

ልጁ ቀላ። አጠገቡ የተቀመጡትን ዳይሬክተር ሳል ያዛቸው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚያስቀው። የሲስተር ሥርዓት ሊያዘገየን ነው ሲባል፣ በሁለተኛው ወር የነገሯቸው ጎረቤቶች ራሳቸው መምጣት ጀመሩ። ብረት በያጁ መጣ፣ ግፊቱ ሰማይ ነክቶ ተገኘ። የሓድነት ግቢዎች በር ከበር የተያያዙ ናቸው፤ አንድ ሰው ለጎረቤቱ ነገረ ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። ሁሉም ጥያቄውን አዘጋጅቶ ስለሚመጣ ምዝገባው ፈጠነ። ግራፉም ቀና አለ። ሱፐርቫይዘሩ ሪፖርቱ ላይ «በተሰጠው ጠንካራ ክትትል የተነሳ» ብሎ ጻፈ። የማንን ክትትል እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ከመጡት መሀል ኣደይ ንግስቲና ኣደይ ዘውዱ ነበሩ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ከግንባችን ጀርባ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት አሮጊቶች። አንዷ ለሌላዋ ነገረች፣ ሌላዋ ጠየቀች፣ ሁለቱም ገቡ። በየወሩ ብልቃጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ የቀረውን ክኒን እቆጥራለሁ፣ አንድ ፍሬ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ለሌሎቹ ታማሚዎች ምሳሌ አድርጌ የማነሳው እነሱን ነበር።

በአምስተኛው ወር ሲስተር እንደ ልማዳቸው ኣደይ ንግስቲን አወሳሰዳቸውን ጠየቁ። ቅጹ ይህን ጠይቁ አይልም፤ የተቆጠረው ክኒን ልክ ከመጣ ቀጥል ነው የሚለው።

«ጠዋት ተነስተን ከጣሳው አንድ አንድ እናወጣለን» አሉ ኣደይ ንግስቲ።

«ከየትኛው ጣሳ?»

«ከስኳሩ። የኔንም የሷንም ብልቃጥ እሱ ውስጥ ገለበጥነው። አንዱ አዲሱ ነው፣ አንዱ የድሮው፣ የማን የቱ እንደሆነ አይታወቅም አልሽን። ታድያ እኔ ደህና ደህናውን ስውጥ ዘውዱ ቢቀርባትስ? ቀላቀልነው፣ የደረሰ ይድረሰን። ወር ሲሞላ ትርፉን ለሁለት እንመልሳለን።» ከዚያ የሲስተርን ፊት አዩና ግራ ገባቸው። «መድኃኒት በጠፋ ጊዜ አንዷን ፍሬ በቢላ ሰንጥቀን ነው ያለፍነው። ዛሬ ሲተርፍ ልንሰሳሰት ነው እንዴ?»

ምን ይባላል? በጦርነቱ ጊዜ ፋርማሲው ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ ሰው ግማሽ ክኒን ለጎረቤቱ አጎንብሶ ሲሰጥ የከረመበት ከተማ ነው። ያንን ያደረገ እጅ አሁን የቁጥር ብልቃጥ ሲሰጠው ተለያይተህ ዋጥ ማለት ለጥናት እንጂ ለሰው አይገባም። ጥናቱ ግን ተበላሽቷል። የማን ግፊት በየትኛው ክኒን እንደወረደ ከእንግዲህ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዳይሬክተሩ ጋ ገባን። ሰውዬው ጉዳዩን ሰምተው ሲያበቁ መጀመሪያ የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ምን አስጠየቀዎት?»

«ሥራዬ» አሉ ሲስተር።

«ክኒኑ አልጎደለም። ሴቶቹ አልታመሙም። ይሄን ከጻፍን ስድስት ወሩ ሳይሞላ ያባርሩናል። የሰፈር ሆስፒታል አይችልም ሲሉን የነበሩት እኮ ይህቺን ነው የሚጠብቁ!»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር። እኔም ፈርቻለሁ። ኣቦይ ሓጎስ ከስንት ዓመት በኋላ ግፊታቸው ተስተካክሎ ቤተ ክርስቲያን ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀምረው ነበር፤ ጥናቱ ከተነሳ ክኒናቸው ይነሳል። እናም እኔ፣ ያ ሁሉ ጥያቄ በደብተሬ የመዘገብኩት ሰው፣ አፌን ሞልቼ «ሲስተር፣ ቆጠራው ልክ ነው። ማን ያውቅብናል?» አልኩ።

ሲስተር ለተብርሃን አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ነገ ይሄን ክኒን የሚውጥ ሰው አለ፣ የሆነ አገር» አሉ። «ለሱ ስለ ኣደይ ንግስቲ ጣሳ ማን ይነግረዋል? እሱኮ ጎረቤት የለውም እዚህ።» መነጽራቸውን መለሱ። «ጻፍ፣ ወዲ ወሎ።»

ጻፍኩ። እየተናደድኩ ጻፍኩ።

ሪፖርቱ በሄደ በሳምንቱ ምዝገባችን ታገደ፤ ያሉት ታማሚዎች እስኪወሰን ለአንድ ወር የሚሆን ክኒን ብቻ እንዲሰጣቸው ተባለ። ኣደይ ንግስቲ ለሦስት ሳምንት ሲስተርን ሰላም አላሏቸውም፤ የነገርኳትን ለመንግሥት ነገረች አሉ። ሲስተር በየጠዋቱ በግንቡ ላይ «ከመይ ሓዲርክን?» ብለው እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃሉ፤ መልስ የለም፤ በማግስቱ ይደግማሉ። ለሲስተር ደግሞ ከዳይሬክተሩ ደብዳቤ መጣላቸው። «ያለዎትን የካበተ ልምድ ከግምት በማስገባት ወደ ክትባት ክፍል መዛወርዎን እየገለጽን» ይላል። አንብበው ለምሕረትና ለእኔ በራሳቸው ቃል ደገሙልን።

«አፍሽን ዝጊ ነው የሚል። ሌላው ጌጥ ነው።»

ከዚያ የአሻራ ቀለሟን ለምሕረት አስረከቧት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ከአዲስ አበባ አዲስ መመሪያ መጣ። ጥናቱ ላይ ያሉ ሆስፒታሎች ሁሉ፣ ትልልቆቹም ጭምር፣ ከአንድ ግቢ የመጡ ታማሚዎቻቸውን ክኒን ተካፍለው እንደሆነ እንዲጠይቁ ታዘዙ። ሌሎቹ ምን ብለው እንደመለሱ ለእኛ አልነገሩንም። የነገሩን ይህን ብቻ ነው፦ ምዝገባችን ተከፍቷል፤ ከእንግዲህ ከአንድ ግቢ የሚመጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ክኒን ይሰጣቸዋል፤ በየሆስፒታሉ ያለው ቅጽ ላይም «ለየትኛው ጎረቤት ነገሩ? ጎረቤትዎ ምን ጠየቁ?» የሚል መስመር ይጨመራል። ሳይጠየቅ ንጹህ መስሎ የነበረው ሁሉ ሲጠየቅ ምን እንደወጣው መገመት አይከብድም። የምስጋና ደብዳቤም ተላከ፤ ለሆስፒታሉ አመራር። ዳይሬክተሩ በመስተዋት አስገብተው ሰቀሉት።

ሲስተርን ከክትባት ክፍል መመለስ ግን ማንም ትዝ አላለውም። ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ነበሩ። እናቶቹን ልጅሽ ዛሬ የተወጋው ለምንድነው፣ ንገሪኝ እያሉ ያፋጥጡ ነበር፤ ሳያስረዷቸው ያልፉ የነበሩት ሕፃናቱ ብቻ ናቸው። እኔ በኋላ ሥራ ለቅቄ ሓወልቲ ሰፈር አንድ ፋርማሲ ገባሁ፤ ቤቴ ግን እዚያው እሳቸው ግቢ ነበር። ያን ቀን ያልኩትን አንድ ጊዜ ብቻ አነሱብኝ፣ ልብስ እያሰጡ።

«ማን ያውቅብናል ያልከው ልክ ነበርክ» አሉኝ። «ማንም አያውቅብንም ነበር። የሚያስፈራው እሱ ነው።»

ይቅርታ ልላቸው አፌ ላይ ነበር። ሌላ ቀን እላለሁ ብዬ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ ወደቁ። ሐኪሞቹ ግፊት ነው አሉ። የሓድነትን ሰው ሁሉ ክንድ የለኩ ሴት የራሳቸውን መቼ እንደለኩ የሚያውቅ አልተገኘም። ለዚህ ስንናደድባቸው ሰነበትን፤ እኔ ግን የምናደደው በራሴ ነው። ጎረቤታቸው እኔ ነበርኩ። የጎረቤት ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ከሰልስቱ በኋላ ጭንቅላቴን ሲወቅረኝ ሰንብቶ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ምሕረት ክንዴን አስራ ለካችኝ፤ ቁጥሩ ከፍ ቢልባት ደግማ ለካችኝ። ሁለተኛ ዙር ጥናት ተጀምሯል፣ ትገባለህ? አለችኝና ቅጹን ፊቴ አስቀመጠች። ያንን ቅጽ መቶ ጊዜ ያገላበጥኩ ሰው ነኝ። በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ምሕረት ከእጄ መነጨቀችኝ።

«ምን አልኩህ፣ ሰይድ?»

«ምንም አላልሽኝም።»

«እኮ!»

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ነገረችኝ፣ ደገምኩላት። ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ «ጎረቤትህ ምን አለ?» አለች።

«ጎረቤቴን እኮ አብረን ቀበርናቸው፣ ምሕረት።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ትምረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሌላ ጎረቤት ፈልግ» አለች።

ግንቡን ዞሬ ኣደይ ንግስቲና ኣደይ ዘውዱ ጋ ሄድኩ። ሁለቱም ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ነበር። የመጀመሪያው ጥናት ካለቀ በኋላ ክኒናቸውን በመደበኛው ክትትል ነው የሚወስዱት፤ ያቺ የስኳር ጣሳ መደርደሪያው ላይ አለች። ግፊት እንዳለብኝ ስነግራቸው ደነገጡ፣ እንደ ልጅ አቀፉኝ። ሙከራውን አስረዳኋቸው፤ እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፣ ሁለት ቦታ አረሙኝ። ስጨርስ ኣደይ ንግስቲ ወደ ጣሳዋ ዞር ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ብልቃጡን ሲሰጡህ ይዘኸው ና። ሦስት ብንሆን ምናለበት? ለተብርሃን እንደሆነች የለችም። ማን ያውቅብናል?»

ኣደይ ዘውዱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ ራሱ ይናገርብናል» አሉ። «የማን ጎረቤት እንደሆነ ረሳሽው?»

በቀብሩ ላይ ያልመጣልኝ እንባ እዚያ መጣ። አሮጊቶቹ ነጠላቸውን እያቀበሉኝ አብረውኝ አለቀሱ።

በማግስቱ ቅጹን ለምሕረት ሰጠኋት። «ጎረቤትዎ ምን ጠየቁ?» በሚለው መስመር ላይ በእጅ ጽሑፌ «ማን ያውቅብናል?» ይላል። ምሕረት አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ የቀለሟንም ክዳን ከፈተች።

«መፈረም እችላለሁ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ «ጣትህን አምጣ።»